የተቃጠለው ማስታወሻና ያደሩበት ቤት፦ ስለ ካቬሪ ወንዝ መንደሮች የተጻፉ መጻሕፍትን ሳነብ

በምኖርበት ከተማ እኔና ጥቂት የአገሬ ልጆች በወር አንድ ቅዳሜ እየተሰበሰብን መጽሐፍ እናነባለን። ምግቡ፣ ቡናው፣ ወሬው ይበዛና መጽሐፉ የሚነሣው ወደ ማታ ላይ ነው። ባለፈው ተራው የእኔ ስለነበረ የህንዳዊውን ምሁር የኤም. ኤን. ስሪኒቫስን «ዘ ሪመምበርድ ቪሌጅ» ይዤ ቀረብኩ። «የታወሰችው መንደር» ብንለው ያስኬዳል። «የራሳችን ጣጣ አንሶን ነው የህንድ ገበሬ የምናነበው?» ያለ አልጠፋም። ይሁን እንጂ ከተነበበ በኋላ እንደዚያ ቀን ተከራክረን አናውቅም።

ጋሼ የምንላቸው አንድ አዛውንት አሉ፤ በጃንሆይ ጊዜ በህንድ መምህራን ከተማሩት ትውልድ ናቸው። መጽሐፉን ደረታቸው ላይ አስደግፈው «ይኼ ሰውዬ የጻፈው የእኔን አገር ነው፤ ስሙን ብቻ ነው የለወጠው» አሉ። በሬው፣ አውድማው፣ የጎረቤት ምቀኝነቱ፣ የሹሙ ኩራት ሁሉ ቁርጥ የእሳቸው ቀዬ ሆነባቸው። ከፊት ለፊታቸው የተቀመጠች እህታችን ግን ረጋ ብላ «ጋሼ፣ የእርስዎን አገር ይሆናል። እኔ እናቴን ፈልጌ አጣኋት» አለች። «ሸክላ ሠሪው በስም አለ፤ እናቴ ግን የለችም።» እናቷ ሸክላ ሠሪ እንደነበሩ ከመካከላችን የምናውቀው ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ብቻ ነበርን። ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመረ።

እኔ በዚያ ማታ ከጋሼ ወገን ነበርኩ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ልቤ ወደ እሷ አደላ። ከዚህ በታች የምጽፈው ለምን እንዳደላ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጽሐፉ እንዴት እንደተጻፈ ሳይነገር መተቸት ነውር ይሆናል። ስሪኒቫስ በ1916 በማይሶር ከተማ ከብራህሚን ቤተሰብ የተወለደ ሰው ነው። ቦምቤይ ተምሮ ወደ ኦክስፎርድ ተሻገረ፤ እዚያም ኤቫንስ ፕሪቻርድ አስተማሪው ሆነ። ይህ ስም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ስለ ኑዌርና ስለ አኙዋ ሕዝብ የጻፈው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም በሱዳንና በኢትዮጵያ ድንበር ላይ የአኙዋ ተዋጊዎችን ይዞ ጣሊያንን የወጋው እሱ ነው። ኦክስፎርድ ለስሪኒቫስ የመምህርነት ቦታ በሰጠው ጊዜ፣ የመጀመሪያውን ዓመት መንደር ገብቶ እንዲያጠና የፈቀደለትም ይኸው አስተማሪው ነበር። እንዲህ ሆኖ በ1948 መጀመሪያ፣ ጋንዲ በተገደሉ በሳምንታት ውስጥ፣ ስሪኒቫስ ከማይሶር ብዙ በማትርቅ፣ የካቬሪ ውሃ በቦይ በሚደርሳት አንዲት መንደር ጓዙን አራገፈ። ወጥ ሠሪውን ሳይቀር ይዞ ነበር የሄደው። መንደሯን በመጽሐፉ «ራምፑራ» ይላታል፤ እውነተኛ ስሟ አይደለም። ያኔ አንድ ሺህ አምስት መቶ ያህል ነዋሪ ነበራት። አብዛኛውን የዚያን ዓመት እዚያ ኖረ፤ በ1952 ደግሞ ተመልሶ ጥቂት ወራት ቆየ።

ከዚያ በኋላ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ማስታወሻውን ሲገለብጥ፣ ሲለይ፣ ሲያደራጅ ኖረ። ባሮዳ ላይ፣ ከዚያም ዴልሂ ላይ የማኅበረሰብ ጥናት ክፍል ሲያቋቁም ጊዜ አጣ። በመጨረሻ ተቀምጦ መጽሐፉን ሊጽፍ በ1970 ወደ አሜሪካ፣ ስታንፎርድ ወደሚገኝ የምርምር ማዕከል መጣ። በቬትናም ጦርነት የተነሣ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚታመሱበት ዘመን ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች ማዕከሉ ላይ እሳት ለቀቁበት። የስሪኒቫስ የተደራጀ ማስታወሻ ሦስቱም ቅጂዎች እዚያው ክፍል ውስጥ ነበሩና አብረው ነደዱ። ሰውዬው ከጥናቱ ጋር የተቃጠለ ያህል ሆነ። ሶል ታክስ የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ነው ያጽናናው፤ ማንም አጥኚ ከሰበሰበው ውስጥ ጥቂቱን እንጂ ሁሉን አሳትሞ አያውቅምና፣ በአእምሮህ የቀረውን ጻፍ ብሎ መከረው። መጽሐፉ በ1976 ወጣ።

ይህን ታሪክ ስደተኛ ሲሰማው ሆዱን ይበላዋል። እኛም ወረቀታችን የነደደብን፣ አገራችንን በአእምሯችን ይዘን የምንዞር ሰዎች ነን። ለዚህም ይመስለኛል በየስብሰባው ይህን መጽሐፍ የሚያነሣ ሰው መጀመሪያ እሳቱን የሚያነሣው። እኔ ግን እሳቱ ለመጽሐፉ ተገቢ ያልሆነ ምሕረት አሰጥቶታል ባይ ነኝ። ወደዚያ እመለሳለሁ፤ አስቀድሞ ግን የሚመሰገነው ይመስገን።

ስለ እርሻ የሚናገረው ምዕራፍ ከዚህ ቀደም ካነበብኳቸው ሁሉ ይበልጣል። ብዙ ምሁራን ስለ ገበሬ ሲጽፉ መሬቱን በሄክታር፣ ምርቱን በኩንታል ለክተው ያበቃሉ። ስሪኒቫስ የጻፈው ገበሬው ሌሊት ምን እያሰበ እንደሚያድር ነው። የራምፑራ ሰው ከብት ሲያይ ሰው እንደሚያይ ነው፤ የበሬው ቀንድ፣ ሻኛ፣ አረማመድ፣ ጠባይ ለቀናት ያወያየዋል። ፍግ ሀብት ነው። መሬት ደግሞ ከሀብትም በላይ ነው፤ መሬት ያለው ሰው ድምፁ ወፍራም ነው፤ የሌለው ሲናገር ጉሮሮውን ይጠርጋል። ሩዙ መጀመሪያ በትንሽ መደብ ላይ ይዘራል፤ ችግኙ ሲደርስ ይነቀልና ውሃ በተኛበት፣ ተጨቅይቶ በተስተካከለ ማሳ ላይ አንድ በአንድ ይተከላል። ይህን የሚሠሩት ጎንበስ ብለው የሚውሉ ሴቶች ናቸው። ማሳው ሁሉ በአንድ ሰሞን ውሃና ሰው ስለሚፈልግ ያ ሰሞን የጠብ ሰሞን ነው። የጎረቤቱን ቦይ በጨለማ ወደ ራሱ የሚያዞር አይጠፋም፤ በጠዋት ደግሞ ጭቃው ይመሰክርበታል። ውሃ የማይደርስበት ደረቅ መሬት ላይ የሚዘራው ራጊ ነው።

እዚህ ላይ ጋሼ «ራጊ ምንድን ነው?» ብለው ጠይቀው ነበር። ራጊ ማለት የእኛው ዳጉሳ ነው! መነሻው የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ መሆኑን፣ ወደ ህንድም ከሺህ ዓመታት በፊት እንደተሻገረ የእጽዋት ተመራማሪዎች ይስማማሉ። የማይሶር ገበሬ ዱቄቱን በፈላ ውሃ አገንፍቶ፣ እንደ ገንፎ አጥብቆ፣ በእጁ ድቡልቡል አድርጎ በወጥ እያጠቀሰ ይውጠዋል፤ አያኝከውም። ሩዝ የሚበላ ብራህሚን ጉልበት የለውም፣ ራጊ የሚበላ ነው ሰው የሚባለው ባዮች ናቸው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው እንደ ልጅ ፈካ። የጎጃም ሰው ናቸው፤ በዳጉሳ ያደጉ።

በመኸር ጊዜ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪው፣ ፀጉር ቆራጩ፣ ልብስ አጣቢው ወደ አውድማ መጥተው የዓመት ድርሻቸውን በነዶ ይወስዳሉ። ገንዘብ የለም፤ ዓመቱን ሙሉ ያገለገሉት ቤት በዓመት አንድ ጊዜ ይከፍላቸዋል። ይህንንም የማያውቀው ኢትዮጵያዊ የለም፤ ማረሻ የሚያሾል ሁሉ በእህል ነበር የሚከፈለው።

ከሰዎቹ መካከል ሦስቱ በደንብ ተስለዋል። የመጀመሪያው ሹሙ ነው፤ ባለብዙ መሬት፣ ቁጥብ፣ ሲናገር የሚመዝን። ሁለተኛው የሹሙ ወዳጅ ናዱ ጎውዳ ነው፤ ደግና ጨዋ፣ ሃይማኖተኛ ሰው። ሦስተኛው ኩሌ ጎውዳ ሳይጠየቅ ራሱን የምሁሩ ረዳት አድርጎ የሾመ፣ አፈ ቅቤ፣ ከዚህም ከዚያም የሚበላ ሰው ነው። ኩሌ ጎውዳን የማያውቅ አበሻ ካለ ቀበሌ ገብቶ አያውቅም ማለት ነው። ዝናብ በዘገየ ጊዜ ሽማግሌዎቹ ከአምላካቸው ፊት ቀርበው እንደ ባለዕዳ ሲወተውቱት፣ ሲቆጡት፣ ምልክት ስጠን እያሉ ሲጨቃጨቁት የሚታይበት ክፍል አለ፤ እምነት እንዲህ በቅርበት ተጽፎ አላየሁም። ስለ ሐሜት፣ ስለ ምቀኝነት፣ ስለ «ፊት» መዋረድና መከበር የጻፈውም ምዕራፍ ለእኛ የተጻፈ ይመስላል። አንድ ጊዜ ሹሙ ምሁሩን ገላውን ከታጠበ በኋላ ጢሙን ሲላጭ አይቶ እንደ ገሠጸው ይተርካል፤ ብራህሚን ከሆንክ መላጨት ከመታጠብ በፊት ነው አለው። ኦክስፎርድ ያስተማረውን ሰው ሥርዓቱን ያስተማረው ገበሬ ነበር። ስሪኒቫስ በራሱ ላይ መሳቅ ይችላል፤ ይህ ከምሁር ብዙ ጊዜ የማይገኝ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እያለ እህታችን ምን አጣች?

ስሪኒቫስ ያደረው የት እንደሆነ ልብ በሉ። ያደረው በሹሙ የበሬ ቤት ነው፤ የሹሙ ከብቶች በሚያድሩበት፣ የመንደሩ ወንዶች ማታ ማታ እየመጡ በሚያወሩበት ቤት። አካባቢው ደግሞ የአባቶቹ ርስት የነበረበት ነው፤ እሱ እንግዳ ብቻ አልነበረም፤ የባለርስት ልጅም ነበር። ወደ እሱ የሚመጣው ሰው ወደ ሹሙ ቤት መምጣት የሚችል ሰው ነው። ሹሙን የሚፈራ፣ ሹሙ ዘንድ ዕዳ ያለበት፣ ከበራፉ ማለፍ የተከለከለ ሰው በዚያ ደጃፍ ቁጭ ብሎ ሆዱን አይገልጽም። ስሪኒቫስ ራሱ አልደበቀውም፤ ከሙስሊሞቹና «የማይነኩ» ከሚባሉት ሠፈር ብዙ ጊዜ ቢያሳልፍ ኖሮ መንደሪቱ ሌላ መልክ ይኖራት እንደነበር ጽፏል። ስለ ሴቶቹም ብዙ እንዳልቀረበ ይናገራል። መናዘዙ ያስመሰግነዋል። ነገር ግን ኑዛዜ የጎደለውን አይሞላም።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። በመንደሪቱ «ጂታ» የሚባል ሥርዓት ነበር። ድሃ አባት ከባለመሬቱ ገንዘብ ይበደራል፤ ልጁ ለዓመት፣ ለሁለት ዓመት፣ ለሦስት ዓመት በባለመሬቱ ቤት ያገለግላል፤ ከብት ይጠብቃል፣ ፍግ ይዝቃል፣ ሌሊት ማሳ ያጠጣል። ስሪኒቫስ ይህን በትክክል ጽፎታል፤ በአሳዳሪና በአዳሪ፣ በአበዳሪና በተበዳሪ፣ በባለመሬትና በተከራይ መካከል ያለውን ክር አንድ በአንድ ተርትሮታል። ግን ትረካው የሚሄደው ከጌታው ወደ አገልጋዩ ነው። ጌታው ስለ አገልጋዩ ስንፍና ሲያማርር እንሰማለን፤ አገልጋዩ ስለ ጌታው ከጓደኞቹ ጋር ምን እንደሚል አንሰማም። ሌላም አለ። በ1950ዎቹ ባሳተመው ጽሑፍ ስሪኒቫስ ያው ሹም ቡልዶዘርና ኤሌክትሪክ ለመንደሩ እንደሚፈልግ፣ ትምህርት ቤት ግን እንደማይፈልግ ነግሮናል። ለምን? የድሃ ልጅ ከተማረ የጉልበት ሠራተኛ ይጠፋላ! ለባለጠጋ ያለው አክብሮትም ይቀንሳል። ምሁሩ ይህን የሚነግረን በፈገግታ ነው። ያን ትምህርት ቤት ያጣው ልጅ ቢጽፈው ግን በፈገግታ የሚጽፈው አይመስለኝም።

በነገራችን ላይ ዛሬ በህንድ ፖለቲካ በየቀኑ የሚነገረው «የድምፅ ባንክ» የሚለው አባባል፣ ብዙ መሬትና ብዙ ሕዝብ ይዞ በአካባቢው የሚገዛውን ዘር የሚገልጸው «ገዢ ካስት» የሚለው ሐሳብም የስሪኒቫስ ናቸው። ሁለቱም ከዚህችው መንደር ወጡ። ስለዚህ ሰውዬው ሥልጣንን አያይም ማለት ፈጽሞ አይቻልም። ሥልጣንን በደንብ አይቷል፤ ያየው ግን ከሥልጣኑ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነው።

የጋሼ መከላከያ ይህ ነበር፦ «ማስታወሻው ተቃጠለበት እኮ ልጄ! በቃሉ የጻፈ ሰው የሚያስታውሰው የወደደውን ነው። ወረቀቱ ቢኖር እናትሽም ትገኝ ነበር።» ያን ማታ ጥሩ መልስ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን አንድ ሌላ መጽሐፍ ትዝ አለኝ፤ ማስታወሻው ያልተቃጠለበት ሰው መጽሐፍ።

ከማይሶር በካቬሪ ወርደን እንሂድ። ወንዙ ከምዕራብ ተራሮች፣ ከኮዳጉ ይነሣና ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በታሚል ናዱ በኩል ባሕር ይገባል። ወደ ባሕሩ ሲቃረብ እንደ እጅ ጣት ይከፋፈላል፤ ያ የታንጃቩር ደለል ምድር ነው፤ ከጥንት ጀምሮ የደቡብ ህንድ የሩዝ ጎተራ። ካላናይ የሚባለውን የድንጋይ መከተሪያ የቾላው ንጉሥ ካሪካላ እንዳሠራው ይነገራል፤ ዕድሜው ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ይገመታል፤ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች አደሱት፤ ዛሬም ውሃ ያከፋፍላል። በ1934 የሜቱር ግድብ ካለቀ ወዲህ ደግሞ የደለሉ ገበሬ ዓይኑ ጁን 12 ላይ ነው፤ ውሃ በቂ ሲሆን በሩ የሚከፈተው በዚያ ቀን ነው። ቶሎ የሚደርሰው ሩዝ ኩሩቫይ ይባላል፤ ረጅሙና ጣፋጩ ሳምባ። በኦገስት መባቻ፣ በታሚሎቹ የአዲ ወር በ18ኛው ቀን፣ ወንዙ ሲሞላ ሴቶች አበባና እርድ ይዘው ወደ ዳርቻው ይወርዳሉ፤ ቢጫ ክር ያስራሉ፤ በሎሚ፣ በኮኮናትና በተምር ሂንዲ የተሠራ ልዩ ልዩ ሩዝ ይዘው እዚያው ዳርቻ ላይ ይበላሉ። ያን ውሃ ያመጣው ከላይ በኮዳጉ የዘነበው ክረምት ነው፤ የእኛም ዓባይ በዚያው ወቅት ነው የሚሞላው።

በዚህ ምድር፣ በካቬሪ ዳር፣ የስሪኒቫስ ተማሪ የነበረው አንድሬ ቤቴይ በ1961 እና በ1962 አንዲት መንደር አጠና። አባቱ ፈረንሣዊ፣ እናቱ ቤንጋሊ ናቸው። መንደሯን «ስሪፑራም» ብሎ ሰየማት፤ መጽሐፉ «ካስት፣ ክላስ ኤንድ ፓወር» በ1965 ወጣ። ማስታወሻው አልተቃጠለም። ቆጥሯል፣ ለክቷል፣ በሰንጠረዥ አስቀምጧል። የመንደሪቱ አቀማመጥ ራሱ ይናገራል። አግራሃራም የሚባለው የብራህሚኖች ጎዳና አለ፤ ፊት ለፊት የተደረደሩ የጡብና የሸክላ ክዳን ቤቶች፣ በየበሩ የሚቀመጡበት መደብ። ቀጥሎ ብራህሚን ያልሆኑት ገበሬዎችና ባለእጆች ጎዳናዎች። ከዚያ ከማሳው ማዶ፣ ተነጥሎ፣ ቼሪ የሚባለው የጭቃና የሣር ጎጆዎች ሠፈር፤ ሩዙን የሚተክሉትና የሚያጭዱት እዚያ ይኖራሉ። ቤቴይ ያደረው የት ነው? አግራሃራም ውስጥ፣ በብራህሚን ቤት። እንደ ብራህሚን ታየ፤ በዚህም የተነሣ ወደ ሌሎቹ ጎዳናዎች እንደ ልቡ መግባት እንዳልቻለ በሐቀኝነት ጽፏል።

ታዲያ የማስታወሻው መኖር ምን ጠቀመ? ቁጥሩን ጠቅሟል፤ ክርክሩንም አጥርቷል። ቤቴይ የዘር ክብር፣ ሀብትና ሥልጣን ቀድሞ በአንድ እጅ እንደነበሩ፣ አሁን ግን እየተለያዩ መሆናቸውን፤ ብራህሚኖቹ መሬት እየሸጡ ወደ ከተማ ሲሄዱ የምርጫው ሥልጣን ወደ ሌሎች እጅ መግባቱን በመረጃ አሳይቷል። ከመምህሩ ይልቅ ደረቅ ነው፤ በሬ አይሸትበትም፤ በሐሳብ ግን ይበልጠዋል። የቼሪው ሰው ድምፅ ግን እዚህም የለም። ስለዚህ ጥፋቱን እሳቱ ላይ መለጠፍ አይቻልም። አጥኚው በመጣ ቀን የትኛው በር እንደተከፈተለት ነው መጽሐፉን የወሰነው።

ስለ እሳት ካነሣን ደግሞ ሌላ እሳት አለ። የስሪኒቫስ ወረቀት ከመንደዱ አሥራ ስድስት ወር ቀደም ብሎ፣ ዲሴምበር 25 ቀን 1968 ማታ፣ በዚያው በካቬሪ ደለል፣ ኪልቬንማኒ በምትባል መንደር የዳሊት የቀን ሠራተኞች ሠፈር ተቃጠለ። በኮሚኒስቶች የተደራጁት ሠራተኞች ለአጨዳው ትንሽ ተጨማሪ ሩዝ እንዲከፈላቸው ጠይቀው ነበር። ባለመሬቶቹ ደግሞ የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው ከሌላ ቦታ ሠራተኛ እያስመጡ ይከራከሯቸው ነበር። በዚያ ማታ የባለመሬት ሰዎች መጡ፤ የሸሹት ሰዎች አንዲት ጎጆ ውስጥ ተሸሸጉ፤ ጎጆዋ ላይ እሳት ለቀቁባት። 44 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። የባለመሬቶቹ መሪ ብራህሚን አልነበረም፤ ይህን የምለው ነገሩን የአንድ ዘር ኃጢአት አድርጎ መደምደም ለሚቀናው ነው። የታችኛው ፍርድ ቤት ፈረደባቸው፤ የማድራስ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ኋላ በነጻ ለቀቃቸው። ከምክንያቶቹ አንዱ ባለጠጎች ናቸው፣ መኪና ያላቸው ናቸው፣ በእግራቸው ሄደው በገዛ እጃቸው እሳት ይለኩሳሉ ብሎ ማመን ያስቸግራል የሚል ነበር።

ስለ ወረቀቱ መቃጠል መላው የአንትሮፖሎጂ ዓለም ያውቃል። ከቡድናችን ውስጥ ግን ኪልቬንማኒን የሰማ አንድም አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ፣ እስከ ቅርብ ዓመታት።

ፍርዴ ሚዛን እንዳይስት አንዲት ሴት ልጥቀስ። ካትሊን ጎፍ የምትባል እንግሊዝ የተወለደች አንትሮፖሎጂስት ከ1951 እስከ 1953 በዚያው በታንጃቩር ሁለት መንደሮች አጥንታ ነበር፤ ኋላም በ1976 ተመልሳ አይታቸዋለች። በ1981 የታተመው መጽሐፏ በዕዳ ከባለመሬት ጋር የታሠሩትን የ«ፓናይያል» ሠራተኞች ከፍ ካለ ቦታ ያስቀምጣቸዋል። ማርክሲስት ናት፤ አንዳንድ ጊዜ ንድፈ ሐሳቡ ሰዎቹን ይጋርድባታል፤ እንደ ስሪኒቫስ የምታስቅም አይደለችም። ግን ሠራተኛው ምን እንደሚበላ፣ ስንት እንደሚበደር፣ መቼ እንደሚመታ ታውቃለች። ሁለቱን አንድ ላይ ማንበብ ነው የሚሻለው።

አሁን ወደ ራሳችን ጉድ ልምጣ። ቤቴይ ያየው የብራህሚኖች ስደት በዚያ አላቆመም። ክሪስ ፉለርና ሃሪፕሪያ ናራሲምሃን በ2014 ባወጡት «ታሚል ብራህማንስ» በተባለው መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ የአግራሃራም ልጆች ከመንደር ወደ ማድራስ፣ ከማድራስ ወደ አሜሪካ የኮምፒዩተር ኩባንያዎች ተጉዘዋል። ከእነሱ ጋር የሠራ ያውቃል፤ ሲያወሩ የካቬሪን ሙላት፣ የቤተ መቅደሱን ሙዚቃ፣ የአያታቸውን በረንዳ ይናፍቃሉ። ናፍቆታቸው እውነት ነው። የእኛም እውነት ነው። ከቼሪው የወጡት ግን ሌላ ነገር ነው የሚያስታውሱት፤ እዚያው ወንዝ ዳር ሆነው፣ በዚያው ውሃ። በዚያ ላይ ወንዙ ራሱ የጠብ ምክንያት ሆኗል። የ1892 እና የ1924 ውሎች፣ የ1991ና የ2016 ብጥብጦች አልፈው፣ በ2018 የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለታሚል ናዱ የሚደርሰውን ውሃ ቀንሶ ለካርናታካ ጨመረ። ከ2017 ድርቅ በኋላ የታሚል ገበሬዎች የሰው ራስ ቅል ይዘው ዴልሂ ተቀምጠው ነበር። በቅኝ ግዛት ዘመን ውል የዓባይን ክርክር ለሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ግን በዚህ ሁሉ ክርክር «ገበሬ» ሲባል የሚታየው መሬት ያለው ሰው ነው፤ ውሃው ሲቀር የቀን ሥራ የሚያጣው ሰው ከፍርድ ቤቱ ሒሳብ ውስጥ የለም።

እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ተወለድኩበት ቀዬ ሠላሳ ገጽ ያህል ጽፌ ነበር። ለልጆቼ ብዬ ነው። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አውጥቼ አነበብኩት። የአባቴ በሬዎች በስም አሉ፦ ቦራና ጠቋር። ዓድባሩ አለ፤ የጥምቀት ሎሚው አለ። ከመንደሩ ማዶ፣ ከወንዙ ጠርዝ ይኖሩ የነበሩት ሸክላ ሠሪዎች የሉም። ማሰሮአቸው ግን በየገጹ አለ፤ በእሱ ጠጅ ተጠምቆበታል፣ ውሃ ተቀድቶበታል። እኔ ወረቀት አልተቃጠለብኝም። በልጅነቴ «ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸውን አትየው» ተብዬ ያደግሁ ነኝና ወደ እነሱ ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ምን ላስታውስ እችላለሁ?

እህታችንን ይህን ስነግራት አልተደነቀችም። «አንተ እኮ ከልካይ አልነበርክም፤ ልጅ ነበርክ» ብላኝ አለፈችው። ጋሼ ደግሞ ስልክ ደውለው ብዙ ተከራከሩኝ፤ ስሪኒቫስን በአንዲት ሴት ቃል ጣልከው አሉ። አልጣልኩትም። ዛሬም ስለ ገበሬ የሚጽፍ ወጣት ቢመጣ መጀመሪያ የምሰጠው ይህንኑ መጽሐፍ ነው።

ለሚቀጥለው ወር መጽሐፍ የመረጠችው እሷ ናት። የካርናታካው ዳሊት ባለቅኔ ሲዳሊንጋይያ የሕይወት ታሪኩን በካናዳ ቋንቋ ጽፎታል፤ «ኡሩ ኬሪ» ይባላል፤ «መንደሩና ከመንደሩ ውጭ ያለው ሠፈር» እንደማለት ነው። ደራሲው በ2021 አርፏል። መንደሩ ከራምፑራ በጣም አይርቅም። መጽሐፉም እንደ ስሪኒቫስ የሚያስቅ ነው። የሚጀምረው ሕፃኑ በሩቅ ሆኖ እርሻ ሲመለከት ነው። ሁለት ሰዎች እንደ በሬ ቀንበር ተሸክመዋል፤ ሦስተኛው ከኋላ ሆኖ ያርሳል። ከተጠመዱት አንዱ የልጁ አባት ነው።

ጋሼ ቅጂያቸውን ተረክበዋል። ቅዳሜ እንገናኛለን።